ከዴም እስከ ሳበሎካ

ካርቱምን የረገጠ ሁሉ ዴምን ያውቀዋል። ላልደረሳችሁበት ግን ትንሽ ልንገራችሁ። ዴም ከካርቱም መሀል ከተማ ወደ ደቡብ ያለ አሮጌ ሰፈር ነው። ከገዳሪፍ መኪና የወረደ ሀበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዴም በየት በኩል ነው?» ብሎ ነበር። እንጀራው፣ ቡናው፣ ሥራ የሚያስገኘው ሰው፣ ከአገር ቤት የተላከ ደብዳቤ ሁሉም እዚያ ነው። ስሙ ራሱ በሱዳን አረብኛ የጦር ሰፈር፣ ካምፕ እንደማለት ነው። የእኛም «ሰፈር» እኮ ከመስፈር የመጣ ቃል ነው። አዲስ አበባም መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየሰፈሩበት ቦታ ነው የተቆረቆረችው። እንግዲህ ካምፕ መኖር የተጀመረው በእኛ አይደለም።

ዛሬ ያ ዴም የለም ማለት ይቻላል። ጦርነቱ የተነሳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ቀዳም ሹር ነበር፤ ሀበሻው ለፋሲካ ዶሮና ሽንኩርት ገዝቶ ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግማሹ በገዳሪፍ ወደ መተማ፣ ግማሹ ወደ ግብፅ፣ ግማሹ ወደ ደቡብ ሱዳን ተበተነ። ብዙዎቻችሁ በዚያ መንገድ ስለመጣችሁ እኔ ልተርክላችሁ አይገባም። እኔ የማወራው ከዚያ 16 ዓመት በፊት ሰባት ሆነን ስለሄድንባት አንዲት የሽርሽር ሌሊት ነው።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ጥር ነው፤ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ። እኔ ምግብ ቤት ዕቃ አጥባለሁ። አንዱ ጓደኛችን መካኒክ ነው፣ አንዱ ቀለም ቀቢ፤ ሁለቱ ልጆች የሱዳኖች ቤት ይሠራሉ። ሁላችንም «እትዬ» የምንላት ቡና የምታፈላ ሴት አለች። የሁላችን ታናሽ ደግሞ ማሙሽ የምንለው፣ ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው የባሕር ዳር ልጅ ነው። ሱዳን ዕረፍቱ ጁምዓ፣ ማለት ዓርብ ነው። መካኒኩ የአንድ ኸዋጃ መኪና ሲጠግን ውስጡ ድንኳን አይቶ «እኛስ ሐሙስ ማታ ወጥተን ሜዳ ላይ ብናድርስ?» አለ።

እትዬ ሳቀችበት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራ ሥር አድሬያለሁ! ከዚያ አምልጬ ካርቱም ገባሁ፤ አሁን ደግሞ ከፍዬ ሜዳ ላይ ልደር?» አለች። እውነቷን ነው። እናንተም ይህን ስታነቡ እንደሷ የምትሉ አትጠፉም። መካኒኩ ግን «ያኔ አስፍረውሽ ነው። አሁን ራስሽ ትመርጫለሽ፤ ካልጣመሽ ትመለሻለሽ» አላት። ይህ ነገር ሳያሳምናት አልቀረም፤ ጀበናዬን ይዤ ከሆነ እመጣለሁ አለች።

ሳበሎካ ከካርቱም በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስድስተኛው የዓባይ ፏፏቴ ይባላል እንጂ ጢስ ዓባይን አስባችሁ እንዳትሄዱ። ውኃው ከላይ አይወረወርም፤ በጥቁርና በቀይ አለት መካከል እየተጋፋ ያልፋል። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ አሮጌ ሃይስ ተከራይተን ወጣን። የጫንነው ዕቃ ይህ ነው፦ አንድ ትልቅ ሸራ፣ ብርድ ልብሶች፣ ሁለት ጄሪካን ውኃ፣ እንጀራና ሽሮ፣ ከሰል፣ ገመድ። ጀበናው በፎጣ ተጠቅልሎ እትዬ ጭን ላይ ነው።

ዓባይን በድልድይ ተሻግረን፣ በሕሪን አልፈን፣ ከከተማው መውጫ ላይ ኬላ አስቆመን። ከሰባታችን ሁለቱ ወረቀታቸው የሚሠራው የተመዘገቡበት ካምፕ ውስጥ ብቻ ነው። ስደተኛ ያለፈቃድ ከተመደበበት ቦታ አይወጣም የሚለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ነው፤ ይህን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ወታደሩ አንገቱን አስገብቶ አየን። ሰባት ሀበሻ። ሸራ፣ ጄሪካን፣ ደረቅ ምግብ፣ ገመድ።

«ሊቢያ?» አለ።

ለሽርሽር ነው ብንል ማን ያምነናል? ዕቃችንን እኔም ራሴ ሳየው የሰሃራ ተጓዥ ዕቃ ነው። ሁለቱ ልጆች መጸለይ ጀመሩ። ያን ጊዜ እትዬ ፎጣውን ገልጣ ጀበናውን አወጣችና «ያ ጀናቡ፣ ጀበና ይዞ ሊቢያ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለችው፣ በዚያ በተካነችው አረብኛ። ጀበና በእነሱም ቋንቋ ጀበና ነው። ወታደሩ መጀመሪያ ጀበናውን፣ ቀጥሎ እሷን አየና ሳቀ። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ስትመለሱ አንድ አንድ ስኒ ታጠጡናላችሁ ብሎ ለቀቀን።

ሳበሎካ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ዓርብ ዓርብ የካርቱም ቤተሰብ ለሽርሽር ስለሚመጣ የሣር ዳሶች፣ የገመድ አልጋና ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች አሉ፤ ሐሙስ ማታ ግን ጭር ይላል። ከአሸዋው ላይ ሸራችንን በሁለት እንጨት ወጠርን። ልጆች ያላችሁ ሰዎች፣ እዚያ ወንዝ ዳር ብትደርሱ አደራ፤ ላዩ ዝም ያለ የሚመስለው ውኃ ከሥሩ ይጎትታል። እኛ እግራችንን ብቻ ነው የነከርነው።

እዚያ ላይ ክርክር ተነሣ። ቀለም ቀቢው «ይሄ የእኛ ውኃ ነው፤ ከጎጃም የመጣ!» ሲል፣ መካኒኩ ደግሞ አይደለም አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ጥቁሩና ነጩ ዓባይ ካርቱም ላይ ስለተቀላቀሉ ሳበሎካ የሚያልፈው የሁለቱም ነው። በነሐሴ አብዛኛው የእኛው ሲሆን፣ በጥር ግን ነጩ ይበልጣል። የሕዳሴው ግድብ ያኔ የለም፤ መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ተከዜ ደግሞ ገና ወደ ታች፣ አትባራ ከተማ ላይ ነው የሚገባው። ማሙሽ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «ያም ሆነ ይህ እሱም ማደሪያ የለውም» አለ። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን ማለቱ ነው። ሳቅን።

ሌሊቱ በረደ። ካርቱም ይበርዳል ብላችሁ ማን ያምናችኋል? በጥር ግን የሰሜኑ ነፋስ አሸዋውን አቀዝቅዞ አጥንት ይገባል። ሁላችንም ከሰሉ ዙሪያ ተጠጋግተን ሳለ፣ ማሙሽ ብቻ ራቅ ብሎ ያለ ብርድ ልብስ አሸዋው ላይ ተኝቷል። እትዬ «ና እንጂ አንተ ልጅ፣ ልትሞት ነው?» አለችው። አልመጣም። ሄዳ ብታየው እየተንቀጠቀጠ ነው። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «እየተለማመድኩ ነው» አላት።

በመጋቢት ሊሄድ ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ነበር። ጄሪካኖቹን የገዛው እሱ ነው፤ ለእኛ ብሎ መስሎን ነበር። ወታደሩ ለካ ከሰባታችን አንዱን በትክክል አውቆታል።

ቀለም ቀቢው ተቆጣ፤ የስንቱን ሬሳ ወሬ ሰምተህ እንዴት፣ አለው። መካኒኩ ዝም አለ፤ እሱም አስቦት ያውቃል። እትዬ አልመከረችም። ብርድ ልብሷን አለበሰችውና ከሰሉን አራግባ እንደገና ቡና ቆላች። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፤ በረካው ሲደርስ «ስንት ጠየቁህ?» አለችው። ነገራት። «ለዚህስ ቢሆን ገና ብዙ ትሠራለህ» አለችና ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ተራራው ላይ ወጣን። ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ሲወጡት ግን አለቱ ስለታም ሆኖ ቀለም ቀቢው በሲፊንጃ ጫማ ስለመጣ ግማሹን በእግሩና በእጁ ነው የወጣው። ከላይ ሲያዩ ወንዙ በገደሉ መሀል እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይታያል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ትንሽ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ ምድረ በዳ። እ.ኤ.አ. በ1898 የኪችነር ጦር ወደ ኦምዱርማን ሲወርድ በዚህ በኩል ነው ያለፈው፤ ድርቡሾች እዚሁ ምሽግ ሠርተው ሳይዋጉበት ለቀውታል። በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን የገጠመው የኸሊፋ አብዱላሂ ሠራዊት ማለት ነው። ይህን ሳወራ የሰማኝ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ማሙሽን ነበር። ማሙሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ረጅም ጊዜ ቆመ። በዚያ በኩል ዛፍ የሚባል የለም።

ስንወርድ ከዓሣ አጥማጆች ቡልጢ ገዝተን በበርበሬ ጠብሰን በላን። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዓሣ የለም። ከቀትር በኋላ ተመለስን። ኬላው ላይ እትዬ ቃሏን ጠበቀች፤ ሁለቱ ወታደሮች ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ጠጡ፤ ወረቀት የጠየቀን የለም።

ዴም ስንደርስ መሽቷል። ማሙሽ ጄሪካኖቹን አውርዶ እትዬ በር ላይ አስቀመጠና «እስቲ ለጊዜው አንቺ ጋ ይቀመጡ» አላት። ሁለት ዓመት የቡናዋን ውኃ ቀዳችባቸው። እሱም ጋራዥ ገብቶ ከመካኒኩ ጋር ይሠራ ጀመር።

በ2001 ዓ.ም. ሌላ ጄሪካን ገዛ። ከኩፍራ አንድ ጊዜ ደወለልን።