በእጅ የተሠራ እንኳን አደረሰሽ

የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ስልካችን እረፍት ያጣል። አበባ የከበበው፣ ሻማ የበራበት፣ በወርቃማ ፊደል «እንኳን አደረሳችሁ» የተጻፈበት ሥዕል ከዚህም ከዚያም ይጎርፋል። ላኪው ከሌላ ሰው የደረሰውን ነው ለእኛ ያሳለፈው፤ እኛም ለሚቀጥለው እናሳልፋለን። አንዳንዴማ ያው ሥዕል አገር ምድሩን ዞሮ ተመልሶ እኛው ዘንድ ይመጣል። ክፋት የለበትም፤ ሰው ሰውን ማስታወሱ መልካም ነው። ግን ስንቶቻችን ነን የደረሰንን ቆም ብለን ያየን?

ለነገሩ ጥድፊያው ስልክ ያመጣው ጣጣ ብቻ አይደለም። ፖስት ካርድ ገና ሲወለድም ችኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዝ አገር ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ ሲጀመር የደብዳቤው ብዛት ጨመረ። ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሹም በ1843 የገና ሰሞን ለወዳጆቹ ሁሉ በእጁ ጽፎ መድረስ ቢያቅተው፣ ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሠራና በብዛት አሳተመ። ካርዱ ላይ የተቀባይና የላኪ ስም መጻፊያ ክፍት ቦታ ነበረው። ስም መሙላት ነው፣ መላክ ነው፣ አለቀ። ታትሞ የተሸጠው የመጀመሪያው የገና ካርድ ይኸው ነው ይባላል። እንግዲህ የታተመ ካርድ የመጣው ጊዜ ለመቆጠብ ነው ማለት ነው።

የእኛ አገር ልጆች ግን ነገሩን የያዙት በሌላ ጫፉ ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ያልሰጠ ወይም ያልተቀበለ የከተማ ልጅ ማን አለ? ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ደጅ ለደጅ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይ ወይም ክንፉ ከራሱ የሚበልጥ መልአክ ስለን መስከረም 1 ቀን ማለዳ ጎረቤት እናንኳኳለን። ከለር ያልገዛ ቢጫውን ከእርድ፣ ቡናማውን ከቡና አተላ፣ አረንጓዴውን ከተጨመቀ ቅጠል ያወጣል። ተቀባዩ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይሰካና ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣል። ሥዕሉ አያምርም። ግን ልጁ ለዚያ ቤት ብሎ ማምሸቱን ሁሉም ያውቃል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ታናሽ እህቴ ለሰው ቤት ሥራ ቤሩት ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏታል። ስልክ የሚፈቀድላት እሁድ እሁድ ነው። ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ብሩ ደረሰ?» «ደረሰ፤ እግዜር ይስጥልን።» «የእማዬ መድኃኒትስ?» «ተገዝቷል።» ከዚያ ይቋረጣል። ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ማንም አላኮረፈም። ሆኖም ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ እህቴ ላኪ፣ እኛ ተቀባይ ብቻ ሆነን ቀረን።

አምና ለእንቁጣጣሽ የጎረቤት ልጅ አንድ ሥዕል አምጥቶ ሰጠን። እናቴ በሩ አጠገብ ሰካችውና ለረዥም ጊዜ ስታየው ቆየች። «አንተ፣» አለችኝ ኋላ፣ «እኛስ ለዚያች ልጅ ምን ልከን እናውቃለን?» በርበሬና ሽሮ ልከናል አልኳት። «እሱማ ለሆድ ነው» አለች።

የካርዱ ሥራ የተጀመረው በዚህ ነው። ለገና እንዲደርስ ተባለ፤ ታኅሣሥ ላይ ወደ ቤሩት የምትመለስ የሰፈራችን ልጅ ነበረች። አደይ አበባ ጊዜ አይሰጥምና በመጀመሪያ እሱን ቀጠፍን። በጋዜጣ መሀል አድርጌ ከባድ መጽሐፍ ጫንኩበት። ጋዜጣውን በየሁለት ቀኑ መለወጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እርጥበቱ ያሻግተዋል። በሁለት ሳምንት ደረቀ፤ ቢጫው ትንሽ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

ለሥዕሉ የመረጥነው የሙዝ ቅጠል ነው። በስጦታ ዕቃ ሱቆች እንደሚሸጡት ካርዶች ማለቴ ነው። ግንዱ ላይ ደርቆ የተንጠለጠለው ቅርፊት ቀለም ሳይነካው ብዙ ዓይነት መልክ አለው፦ ከጠቆረ ቡናማ እስከ ጭድ መሳይ ብጫ። በውኃ ትንሽ ረጠብ አድርጎ መጽሐፍ ሥር ቢያሳድሩት እንደ ወረቀት ይዘረጋል፤ ከዚያ በምላጭ ይቆረጣል። ኮላው ስስ መሆን አለበት፤ ከበዛ ወረቀቱን ያኮማትረዋል። ከጠቆረው ጀበና፣ ከገረጣው ረከቦት ቆረጥኩ።

ከዚህ በኋላ ግን ባለሙያዋ እናቴ ሆነች። ስፌት ከምትሰፋበት ሙዳይ ቀይና አረንጓዴ አለላ አወጣች፤ ስንደዶውን በጥፍሯ ሰንጥቃ ጠፍጣፋ አደረገችና የረከቦቱን ጠርዝ ከፈፈችው። ለቄጤማው አረንጓዴ ክር በመቀስ አድቅቃ ነሰነሰች። ከአሮጌ ነጠላዋ ጥለት ጣት የምታህል ቆርጣ ከታች እንደ መቀነት ለጠፈችው። የጀበናውን እንፋሎት በምን እንሥራው ብዬ ስጨነቅ፣ ከባዘቶዋ ቆንጥራ በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችውና ጀበናው አፍ ላይ አስቀመጠችው። እውነተኛ እንፋሎት መሰለ። ፊደል ያልቆጠሩት እጆቿ ምን ያህል እንደሚያውቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሲኒዎቹን ስለጥፍ «ስንት አደረግህ?» አለችኝ። ሦስት አልኳት፤ እሷ፣ አባቴና እኔ ነን ቤት ውስጥ ያለነው።

«አራት አድርገው» አለች።

አደዩን ከአራተኛው ሲኒ አጠገብ ለጠፍነው። በመጨረሻ ብዕር አንሥቼ ምን ልጻፍልሽ ብላት እጇን አወዛወዘች። «ምንም አትጻፍ። ከጻፍክበት አንብባ ትጨርሰዋለች። ካልጻፍክበት ቁጭ ብላ ታየዋለች።» እኔ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ስለ ሥዕል ከዚህ የበለጠ የተናገረ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ከጀርባው ቀኑን ብቻ ጽፌ ሌሊቱን መጽሐፍ ሥር አሳደርኩት። በማግስቱ በሁለት ካርቶን መሀል አሽጌ ለመንገደኛዋ ሰጠኋት።

ከገና በኋላ ባለው እሁድ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ድምፅ ማጉያውን እንድከፍት አዘዘችኝ። እህቴ ብሩ ደረሰ ወይ አላለችም። «እማዬ፣ ይህ ጥለት የዚያ የጥምቀት ነጠላሽ አይደለም?» አለች። ነው። «ባዘቶውን አንቺ ነሽ የነደፍሽው?» ነኝ። እያንዳንዱን ነገር አንድ በአንድ ጠየቀች። ስለ ሲኒዎቹ ግን ጥያቄ አላነሣችም። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «በረካው ሳያልፈኝ እመጣለሁ» አለች። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች፤ ከዚያ «እሳቱን አላጠፋም» ብላ መለሰችላት።

እህቴ እስካሁን አልመጣችም፤ ብሩም እንደ ወትሮው ይደርሳል። የእሁዱ ወሬ ግን ረዝሟል። ካርዱን የምታኖረው ትራሷ ሥር ነው። በኮላው ከያዝነው ጤፍ የሚያህል ነገር ቢላቀቅ እንኳ ትነግረናለች፤ እናቴም እንዴት መልሳ እንደምትለጥፈው በስልክ ታስረዳታለች። ካርዱ ሙሉ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። ሄንሪ ኮል በዚያን ያህል ጊዜ ስንት ወዳጆቹን እንኳን አደረሳችሁ ይል እንደነበር እግዜር ይወቀው። እኛ የደረስነው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።