መውጫ ያጣ ሙቀት

በምሥራቅ ሱዳን፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኝ አንዲት ከተማ ኸሽም ኤል ቂርባ ትባላለች። በሱዳን ዐረብኛ «ኸሽም» አፍ፣ «ቂርባ» ደግሞ ውሃ የሚያዝበት የቆዳ ስልቻ ስለሆነ፣ ስሟ «የስልቻው አፍ» እንደ ማለት ነው። ወንዙ ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ፣ በዚያ አገር ሰቲት የሚባለውን ተከዜን ተቀብሎ ወደ እርሷ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 የከተማዋ ግድብ ተሠርቶ አለቀ፤ በአስዋን ታላቅ ግድብ ምክንያት ቀያቸውን የለቀቁ የዋዲ ሃልፋ ኑብያውያንም በአካባቢው ሠፍረው በመስኖ ማረስ ጀመሩ። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የገዳሪፍ ሜዳ ደግሞ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው።

በዚህ ቆላ በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ምርቱን ወደ ገበያ፣ የአጨዳ ሠራተኞችን ወደ እርሻ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ነው፤ ከእነዚህም መካከል ቤድፎርድ የተባሉት የእንግሊዝ መኪናዎች በሱዳን ለብዙ ዓመታት ስመ ጥር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ኢትዮጵያውያን፣ በ2020 መጨረሻም ከትግራይ የተሰደዱ ወገኖች ወደዚህ ሜዳ ሲገቡ፣ እህልና መድኃኒት ይደርስላቸው የነበረው በመኪና ነው። በመሆኑም በዚህ ሜዳ ላይ ሞተር ሲፈላ የሚቆመው ብረት ብቻ አይደለም። ጥላ በሌለበት መንገድ ሰው አብሮ ይቆማል፤ ለመጠጥ የተያዘውም ውሃ ለራዲያተሩ ይገለበጣል።

ለመሆኑ ሞተር ስለ ምን ይፈላል? ከነዳጁ ከሚገኘው ሙቀት ውስጥ ለሥራ የሚውለው ሢሶ ያህሉ ነው። የቀረው ከፊሉ በጭስ ማውጫው፣ ከፊሉም በራዲያተሩ በኩል መውጣት አለበት። ራዲያተር ሙቀቱን ለአየር የሚያስረክበው ደግሞ በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ነው። የራዲያተሩ ውሃ 90 ዲግሪ ቢሆንና የጎንደር አየር 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ልዩነቱ 70 ይሆናል፤ 42 ዲግሪ በሆነው የገዳሪፍ አየር ግን 48 ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ራዲያተር በቆላ የሚያስወጣው ሙቀት፣ በደጋ ከሚያስወጣው በሢሶ ገደማ ያንሳል። በዚህ ላይ መኪናው ከባድ ጭነት ይዞ በዝግታ ሲጓዝ፣ ነፋሱም ከኋላው ሲነፍስ፣ ከፊት የሚመጣው አየር ይቀንሳል።

ስልቻው ራሱ ለዚህ ነገር ጥሩ መምህር ነው። ከቆዳው ጥቂት በጥቂት የሚያዣው ውሃ እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ በውስጡ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ስልቻውን ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከመስቀል ይልቅ በሣጥን ቢዘጉበት፣ እርጥቡ አየር መሄጃ ስለሚያጣ ውሃው እንደ ሞቀ ይቀራል። ሞተርም እንዲሁ ነው፤ በራዲያተሩ በኩል የገባው አየር ሙቀት ተሸክሞ መውጫ ካላገኘ፣ በኮፈኑ ሥር ታፍኖ ተከታዩን አየር ይከለክለዋል።

ፋብሪካዎችም ይህን ከጥንት ያውቁ ነበር። የብዙ አሮጌ መኪናዎች ኮፈን በግራና በቀኝ እንደ ዓሣ ስንጥብ የተደረደሩ መተንፈሻዎች ነበሩት። መተንፈሻ በሌለው መኪና ላይ አንዳንድ ሾፌሮች ከኮፈኑ የኋላ ማጠፊያ ሥር ሮንዴላ እየጨመሩ ጠርዙን ከፍ ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ ቆርቆሮውን ይቆርጡታል። ሆኖም መቁረጥ ሁሉ ማቀዝቀዝ አይደለም። አየር በኮፈን ላይ ሲያልፍ፣ ከፊተኛው ጠርዝ ጥቂት አለፍ ብሎ ግፊቱ ያንሳል፤ ከፊት መስተዋቱ ግርጌ ግን ተጋጭቶ ስለሚከማች ግፊቱ ይጨምራል። መኪናው ሲቆም ወይም በዝግታ ሲሄድ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የኋላው ክፍተት ይጠቅማል፤ መኪናው ሲፈጥን ግን ያው ክፍተት መውጫነቱ ቀርቶ መግቢያ ይሆናል። በዚያ የገባው አየርም በራዲያተሩ በኩል የሚመጣውን ይቃወማል።

እንግዲህ አንድ ወጣት ሾፌር «ጋሼ፣ ኮፈኑን ሰፋ አድርገን ብንቆርጠውስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክም «ልጄ፣ አስቀድመህ ራዲያተሩን እጠበው» ብሎ ቢመልስለት፣ መልሱ ትክክል ነው። የማሽላ ገለባና የሜዳው አቧራ የራዲያተሩን ክንፎች ደፍነው ሊሆን ይችላል፤ ቺንጋው ላልቶ፣ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ፣ ወይም ክዳኑ ግፊት መያዝ ተስኖት ሊሆንም ይችላል። እነዚህ በየተራ ይመረመራሉ። ክዳኑ ግን ሞተሩ እንደ ጋለ ከተከፈተ የሚፈነዳው እንፋሎት ፊትና እጅ ስለሚልጥ፣ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሙቀቱ ካልበረደ፣ አጫጭር የጥጥ ክሮች በኮፈኑ ላይ ተለጥፈው መኪናው ይነዳል፤ አንድ ሰውም ከጎን ሆኖ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ከክሮቹ አኳኋን ይመለከታል። የመተንፈሻው ቦታ ከተመረጠ በኋላም የኮፈኑ ደጋፊ ብረቶች እንዳይነኩ መጠንቀቅ፣ የክረምት ዝናብም በኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ላይ እንዳይወርድ ከሥሩ መቀበያ ማበጀት ያስፈልጋል።

ሙቀትን ማስወገድ ለሙቀቱ መንገድ ማሳየት ነው፤ መንገዱን ሳያጠኑ ቀዳዳ ማብዛት ግን ድካም ብቻ ነው። ስልቻም ቢሆን አፉ ስለ ሰፋ ውሃው አይቀዘቅዝም፤ ይፈሳል እንጂ።