የወልቂጤና የቡታጅራ የብረት በሮች

ወደ ጉራጌ አገር የሚሄድ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚያደንቀው ጀፎረ የተባለውን ሰፊ የመንደር ጐዳናና በዳርና ዳሩ የተሰለፉትን ባለ ምሰሶ የሣር ቤቶች ነው። አድናቆቱም የሚገባ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ከተሞቹ ልወስዳችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ወልቂጤና በዓለም ገና በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ቡታጅራ ነው። በነዚህ ከተሞች ቤቱ የቆርቆሮና የብሎኬት፥ ብዙው በርም የብረት ሆኗል፤ ከብረታ ብረት ቤቶቹም የግራይንደር ጩኸት ይሰማል።

ይህ ጩኸት ምንድን ነው? የብረት በር የሚሠራው ከቱቦላሬና ከላሜራ ሲሆን፥ የላሜራው ውፍረት ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በያጁ ሁለቱን በኤሌክትሮድ ካያያዘ በኋላ ብየዳው እንደ ጠባሳ አበጥ ብሎ ይቀራል። ይህን እብጠት ፍቆ ማስተካከል የግራይንደሩ ሥራ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት፤ የሠራተኛው እጅ ከብዶ ከላሜራው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያነሣ፥ በዚያ ቦታ የቀረው ግማሽ በር ነው።

ደግሞም ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፥ ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል። ስለዚህ ዲስኩ በአንድ ቦታ ላይ ቢቆይ ላሜራው ይጠቁርና ይጣመማል። ጥሩ ሠራተኛ ግን ይህን ከመነሻው ይከላከለዋል። ብየዳውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አይስበውም፤ አንድ ነጥብ እዚህ፥ አንድ ነጥብ እዚያ እያደረገ፥ በመካከሉም እያቀዘቀዘ ያያይዛል። ከዚያም በወፍራሙ ዲስክ እብጠቱን ብቻ ይነካና ላሜራው ጋ ሳይደርስ ያቆማል። የቀረውን የብርጭቆ ወረቀት በተደራረበበት ለስላሳ ዲስክ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ይጨርሳል። በቀጭኑ የመቍረጫ ዲስክ ጐን መፋቅ ግን አደገኛ ነው፤ ዲስኩ ተሰብሮ ይፈናጠራልና።

ወደ ቡታጅራ ስትወርዱ በመንገድ ላይ ጢያን ታገኛላችሁ። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው ይህ ሥፍራ 36 ጥንታዊ ሐውልቶች ሲኖሩት፥ ከነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። የጥንቱ ድንጋይ ጠራቢና የዛሬው ብረት ሠሪ አንድ ሕግ አላቸው፤ አንድ ጊዜ የተነሣ አይመለስም። ልዩነታቸው፥ ድንጋይ ጠራቢው ስሕተቱን የሚሸፍንበት አልነበረውም፤ ብረት ሠሪው ግን ስቱኮና ቀለም አለው። እስኪሳሳ የተፋቀ መገጣጠሚያ ከተቀባ በኋላ ከጥሩው አይለይም። ክረምት ሲገባ ግን ዝገቱ ያጋልጠዋል።

በመስከረም፥ በየአገሩ ተበትኖ የሚሠራው ጉራጌ ለመስቀል ወደ ወላጆቹ ይመለሳል፤ ቤትም ይታደሳል። ከእናንተም መካከል ከደመወዙ ቈጥቦ ለእናት ለአባቱ በር የሚያሠራ ይኖር ይሆናል። እንግዲያስ በሩን ሳይቀባ ይየው። ወደ ፀሐይ አዙሮ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለመኖሩን ይመርምር፤ መገጣጠሚያውንም በጣቱ ይዳብስ። ጐድጐድ ያለ ቦታ ካገኘ ከመጠን በላይ ተፍቋል ማለት ነው።

ይህን ሲያደርግ የሠራተኛውንም ዓይን ይመልከት። ከዲስኩ የሚወጣው የብረት ፍንጣሪ ዓይን ላይ ተሰክቶ ሊቀር ይችላል፤ አንዳንዱ የሚያደርገው የፀሐይ መነጽርም ለዚህ አልተሠራም። ዙሪያውን የሚከድን የሥራ መነጽር ያስፈልጋል። ደንበኛው «ቶሎ አድርስልኝ» እያለ ሲያጣድፍ አስቀድሞ የሚረሳው ይኸው መነጽር ነው፤ ቀጥሎም የሚረሳው ብየዳውን ማቀዝቀዝ ነው። ስለዚህ በሩን የምታሠሩ ሁሉ ከበዓሉ አንድ ወር ቀድማችሁ እዘዙ። ቢዘገይም ለመስቀል ያልደረሰ በር ለሚመጣው መስቀል ይደርሳል፤ የጠፋ ዓይን ግን ለማንኛውም በዓል አይደርስም።