የአንድ ራስ ሒሳብ

በዚህች መጽሔታችን ስለ ፍቅር፣ ስለ ዳሞታ ጭጋግ፣ ስለ ካፌው ሽሮ ብዙ ተጽፏል። ጎበዝ ጎበዝ ገጣሚዎች ስላሉን በዚያ በኩል አልደፍርም። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝና ስለ ደረሰኝ ልጽፍላችሁ ነው። ደረሰኝ ደግሞ ምን የሚነበብ ነገር አለው የምትሉ አትጠፉም። መቸስ ከመካከላችን አባቱ ወይም እናቱ ታመው «ሲቲ ስካን ያስፈልጋል» ሲባል ዘመድ አዝማዱ እርስ በርሱ ሲተያይ ያየ ተማሪ ጥቂት አይመስለኝም። እኛም ቤት ይኸው ደረሰ።

አጎቴ የሚኖሩት ዳሞት ጋሌ ነው፣ ከቦዲቲ ወጣ ብሎ። አምና ሰኔ ላይ ከአቮካዶ ዛፍ ወደቁ። ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ፣ የወደቀውን ፍሬ ለቃቅመው ገቡ፤ ነገሩም ተረሳ። ሐምሌ ሲገባ ራስ ምታት ጀመራቸው። ቀጥሎ ቀኝ እጃቸው ሲኒ መያዝ እያቃተው ሄደ። እሳቸው እኮ ሽምግልና ላይ ሲቀመጡ ለሌላው ተራ የማያደርሱ ሰው ናቸው! ቃል እየጠፋቸው «ያ... ያ ነገር...» ማለት ሲጀምሩ ያን ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ በቀጥታ አዲስ አበባ ውሰዷቸው ይላል፣ ሌላው ጠበል፣ ሦስተኛው «ኤምአርአይ ካልሆነ ገንዘባችሁን አትጨርሱ» ይላል። አክስቴ ግን ዝም ብለው ከሳጥናቸው ውስጥ የጤና መድኑን ደብተር አወጡ። የዓመቱን መዋጮ ከቅቤ ሽያጫቸው አውጥተው ለካ ከፍለውት ኖሯል፤ ለባላቸውም አልነገሩም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለው ይኸው ነው። በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር አንዱ እዚሁ ወላይታ ውስጥ ያለው ዳሞት ወይዴ ነበር። ስለዚህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ደንቡ ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ነው ወደ ሆስፒታል የሚወጣው። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሙሉ ሽፋን አያገኝም። «ጤና ጣቢያ ምን ሊያደርግላቸው ነው?» ብለው የተቆጡ ዘመዶች ነበሩ፤ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው ብለን አለፍን። ያ የግማሽ ቀን ወረቀት በኋላ ካርዱን፣ አልጋውን፣ የደም ምርመራውንና መድኃኒቱን ከፈለልን።

ሆስፒታል ስንደርስ (ስሙን ልተወው) ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ምናልባት ከእኔ አምስት ዓመት ቢበልጥ። የአጎቴን ሁለት እጆች ዘርግተው እንዲይዙ አድርጎ ትንሽ አየና ሲቲ ስካን ጻፈ። አክስቴ እጄን ቆንጠጥ አደረጉኝ፤ ጠይቅ ማለታቸው ነው። እኔም ጠየቅሁ፦ «ዶክተር፣ ይኸ ፎቶ ምን እንዲነግርህ ነው የምትፈልገው?»

አልተቆጣም። «ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም አለ ወይስ የለም፣ ጥያቄዬ እሱ ነው» አለ። «ካለ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳሉ፤ ከሌለ ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ።»

ኤምአርአዩንም አነሣሁ፣ ጎረቤታችን እንዳያማኝ። ኤምአርአይ በጨረር ሳይሆን በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ፣ ጊዜ የሚወስድ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ መሆኑን፣ ለብዙ ነገር የሚበልጥ ቢሆንም እንዲህ ላለው ጥያቄ ሲቲ ስካኑ በጥቂት ደቂቃ በቂ መልስ እንደሚሰጥ አስረዳኝ። ወረቀቱ ላይም «ያለ ኮንትራስት» ብሎ ጨመረ። ኮንትራስት ማለት በደም ሥር የሚሰጥ፣ ሥሮችንና ዕጢን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት ነው። እሱ ከተጨመረ መድኃኒቱ ራሱ ይከፈልበታል፣ ኩላሊት ደኅና መሆኑን የሚያይ የደም ምርመራም ብዙ ጊዜ ይቀድመዋል። ለደም መፍሰስ ጥያቄ ግን በመጀመሪያ የሚነሣው ያለ እሱ ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሆስፒታሉ ማሽን ተበላሽቷል ተባልን። መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። የቀረን የግል ማዕከል ነበር፤ እዚያ ደግሞ የመድኑ ደብተር አይሠራም። ዋጋው 4,500 ብር።

ቤት ውስጥ ገንዘብ ነበር፤ ግን የአጎቴ አልነበረም። የጊፋታን በዓል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያገራችን ሰው መስከረም ላይ በሬ ለመጣል ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ሲያጠራቅም ይከርማል። አጎቴ የዚያ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ብሩ አልጋቸው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል፣ ጊፋታ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ እሳቸው ደግሞ ቃል እየጠፋቸውም ቢሆን ይህቺን አልሳቷትም፦ «የሰው ገንዘብ... አይነካም።»

እድሩስ? እድራችን የሚከፍለው ለሞት ነው። አባላቱ ማታ ተሰብስበው ሲነጋገሩ አንድ ሽማግሌ «ቢሞት ኖሮ ድንኳኑም ብሩም ዛሬውኑ ይመጣ ነበር። መኖሩ ነው ያስቸገረን» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። ለሞት ሣጥን አለን፣ ለሥጋ ሣጥን አለን። ለበሽታ ያለን ያቺ የአክስቴ ደብተር ብቻ ናት፣ እሷም ማሽኑ ሲበላሽ በር ላይ ትቀራለች። ያን ማታ የተወሰነው፣ ከበሬው ብር 8,600 ለአጎቴ በብድር እንዲሰጥ ነበር። አጎቴ ተቃወሙ። አልተሰሙም።

ማዕከሉ ሄደን ተራ ስንጠብቅ የነበረውን ሰዓት ልቤ አይረሳውም። ግድግዳው ላይ የራስ ቅል ሥዕል ተለጥፏል። ባለፈው ዓመት ለአንድ የክፍል ሥራ ያነበብሁት ነገር ትዝ አለኝ። ራንትገን የተባለው ጀርመናዊ ራጅን ያገኘው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1888 ነው። አዎ፣ ያው የዐድዋው 1888! የካቲት ላይ ጣልያን ዐድዋ ተመታ፤ በግንቦት ደግሞ ኔፕልስ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል ከእኛ አገር ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ወታደሮች ክንድ ውስጥ ያለውን ጥይት በዚሁ አዲስ ጨረር ፈለጉ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸ ነው። የእኛዎቹ አነጣጣሪዎች ለሳይንስ ያደረጉትን አስተዋጽኦ ማንም አልጻፈላቸውም!

ራንትገን ግኝቱን በስሙ አላስመዘገበም፤ ለዓለም ተወው። ሲቲ ስካኑን የሠራው ሀውንስፊልድ ደግሞ ኢኤምአይ በተባለው የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ተቀጣሪ የነበረ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ለንደን ውስጥ የተነሣችው በመስከረም 1964 ነው። በ1972 ከደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ከኮርማክ ጋር ኖቤልን ተካፈለ። ራጅ አንድ ጥላ ነው፤ ሲቲ ስካን ግን ቱቦው በሰውየው ዙሪያ እየዞረ ብዙ ጥላ ይወስድና ኮምፒውተሩ እነዚያን አስልቶ ጭንቅላቱን እንደ ዳቦ ቆርሶ ያሳያል። የዋጋው ምሥጢርም እዚያ ነው ያለው። ቱቦው በሥራ ብዛት ያልቃል፣ ሲያልቅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ሥዕሉን የሚያነበው ሐኪም ዓመታት የተማረ ነው። ሐሳቡን ራንትገን በነጻ ሰጠን፤ ቱቦውን ግን ማንም በነጻ አይሰጥም።

ገንዘብ ተቀባዩ «ባለ መድኃኒት ይሁን? እሱ ይሻላል» አለ። ወረቀቱን አሳየሁት። የሐኪሙ ንባብ ከዋጋው ውስጥ መሆኑንና ሥዕሉ በሲዲ የሚሰጥ መሆኑንም ጠየቅሁ፤ ሁለቱም አለ። ከኋላዬ የቆመ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ሳለ ጠጋ ብለው «እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?» አሉኝ። ይጠየቃል።

ደም ነበር። ቀስ እያለ ለሳምንታት የተጠራቀመ፣ አእምሮውን ወደ ጎን የገፋ ደም።

ሐዋሳ ተላክን። እዚያ ያሉት ሐኪም መጀመሪያ ያሉት «የታለ ሥዕሉ?» ነው። አክስቴ ሲዲውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ነበር፤ ፈትተው ሰጡ። ባይኖር ኖሮ እንደገና መነሣት ነው፤ እንደገና ብር፣ እንደገና ጨረር። ከራስ ቅላቸው ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ደሙ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ስለ ምግቡ ማማረር ጀመሩ፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ሁላችንም አለቀስን።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የሶዶውን አራት ቀን ብቻ (የሐዋሳው ገጽ ለብቻው ነው) ደብተሬ ላይ በሁለት ዓምድ አስቀምጬዋለሁ። በአንዱ ሲቲ ስካን፣ 4,500። በሌላው መኪናና ባጃጅ 1,860፣ ምግብ 1,340፣ መኝታ 900፤ ሦስት ሰው አራት ቀን በጤፍ ዘር ጊዜ ከእርሻው የዋለበት፣ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ሲታሰብ 2,400። የሁለተኛው ዓምድ ድምር 6,500 ነው። ስካኑን የከበደው ስካኑ አይደለም። ሁላችንም የምናወራው ግን ስለ መጀመሪያው ዓምድ ነው፣ ምክንያቱም ለእሱ ደረሰኝ አለው። አምስት ሰው ሆነን ነበር አጎቴን ያጀብነው። ፍቅር ነው፣ አልክድም፤ ሁለት ሰው ይበቃ ነበር።

የጊፋታው በሬ ዘንድሮ ትንሽ ሆነ፤ ማንም ስለ እሱ አላነሣም፣ አጎቴ ብቻ ሲቀሩ። አክስቴ በየገበያው ቀን ከቅቤው እየቀነሱ ብድሩን ይመልሳሉ። የማኅበሩን መዝገብ ባለፈው ሰንበት ከፍቼ አየሁት። ገንዘብ ያዡ ራሳቸው፣ በዚያው በቀኝ እጃቸው፣ በተበዳሪ ረድፍ የገዛ ስማቸውን ጽፈዋል። ፊደሉ ጠማማ ነው፣ ግን ይነበባል። ቀሪ 1,100 ብር።