ዳገት ላይ ያልጠበቅኳት ልጅ…

የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ «ሳይክል ነጂ ነኝ» ይላል። እኔም እል ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል መንዳት ምን ችሎታ ይጠይቃል? ከተማችን እንደ ምጣድ ሜዳ ናት። ከጣና ዳር ተነስቶ በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ዓባይ ድልድይ ሕፃን ልጅም ይነዳል። ነጂ የሚለየው ዳገት ላይ ነው። ሰውም እንደዚሁ! ይህን የተማርኩት በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በአንዲት ቀን ነው።

አንዲት ልጅ እወድ ነበር። እወድሻለሁ ለማለት ግን ድፍረቱ አልነበረኝም። ታዲያ ጉብዝናዬን አይታ ራሷ ትረዳው ብዬ «እስከ ደብረ ታቦር በሳይክል እንሂድ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ጋፋትን አሳይሻለሁ» አልኳት። ሳቀችና እሺ አለች። እሷ የወንድሟን አሮጌ ሳይክል፣ እኔ ደግሞ ከጎረቤት የተዋስኩትን ባለ ማርሽ ይዘን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የዓባይን ድልድይ ተሻገርን።

እስከ ወረታ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጨዋታ ነበር። ዘንዘልማን፣ ሐሙሲትን፣ የጉማራን ወንዝ ጎን ለጎን እየነዳን አለፍን። የፎገራ ሜዳ ሩዝ መብሰል ጀምሮ ቢጫና አረንጓዴ ሆኗል። ልጆች ከመንገዱ ዳር እየሮጡ ይሸኙናል። ስለ ቤቷ አጫወተችኝ፤ ስለ ቤቴ ነገርኳት። በከተማ ውስጥ በአንድ ዓመት ያላወራነውን በአንድ ጧት አወራን። ወረታ ላይ ሩዝ በተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ ሽሮ በላን። እዚያው ላይ ቀኑ ቢያልቅልኝ ምን ነበረበት!

ወረታን አለፍ ሲሉ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ቻይኖች የሠሩት የወልድያ መንገድ ነው። ደብረ ታቦር በዚህ በኩል 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀራለች። ሆኖም ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2,700 ላይ ናት። ስለዚህ ዳገቱ ሁሉ የሚጠብቃችሁ እዚህ ነው። ከዓለም በር ወዲያ እግር ይከብዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል።

እሷ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለች በዝግታ ትወጣለች። እኔ ግን ልታይ ልታይ አለኝ። ማርሹን ቀየርኩና ተፈተለኩ። «ጠብቀኝ እንጂ!» ስትል ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። «ላይ እንገናኛለን!» ብዬ ጮኬ ኩርባውን ዞርኩ።

10 ሰዓት ላይ ደብረ ታቦር ገባሁ። ሻይ አዘዝኩ። ሁለተኛ አዘዝኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆዴ መረበሽ ጀመረ። ለ12 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው አንድ አይሱዙ ቆመ። ሳይክሏ ከእህል ጆንያ ላይ ተጭኗል፤ እሷ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ሆኗል። ከኩርባው በታች ሰንሰለቷ ተበጥሶ ለአንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ገፍታለች።

አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ዳገቱ አይደለም የከበደኝ» አለች፤ «ዞር ብለህ አለማየትህ ነው።»

በማግስቱ ጋፋትን ሳናይ በአውቶቡስ ተመለስን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወንበር። የሰንሰለቱን ልክፈል ብላት «ተወው» አለችኝ። ሌላ አልተነጋገርንም።

በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ ማንንም «ተነሱና በዚያ መንገድ ንዱ» አልልም። ሰላም ወርዶ ቀኑ ሲመጣ ግን ይህን ያዙልኝ። በንጋት ተነሱ። ውኃ፣ መለዋወጫ ጎማና መንፊያ አትርሱ። ዳገት ላይ ማርሹን አቅልላችሁ በዝግታ ውጡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደካማው ከፊት ይንዳ፤ ጠንካራው ከኋላ ይከተል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ እኔም ያን ቀን የቀደምኩት ማንንም አልነበረም።

ኋላ ለብቻዬ ሄጄ ጋፋትን አየሁ። ያ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ተራራ ለተራራ ተጎትቶ መቅደላ የደረሰው በአንድ ጎበዝ ጉልበት አይደለም፤ ሺህ እጅ ተጋግዞ ነው። እኔ ግን አንዲት ሳይክል ማገዝ አቃተኝ።

እናንተስ፣ ከኋላችሁ የሚመጣ ሰው አለ? እስቲ ዞር ብላችሁ እዩ!