ጥላ በጫማ

መተማ ሲነሳ የዓፄ ዮሐንስን አንገት የማያነሳ የለም። እኔ የማነሳው ጥላ ነው፤ አንገቱን ለታሪክ ጸሐፊዎች ትቻለሁ።

መተማ የኖረችው አያቴ ሑዳዴን የምትጾመው በጫማ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት የተቃረበ ሲመስላት ለፀሐይ ጀርባዋን ሰጥታ ደጅ ትቆምና «ያዝልኝ!» ትለኛለች። የምይዘው የጥላዋን ራስ ነው። ስትራመድ ጥላው አብሯት ስለሚሸሽ፣ ራሱ ካረፈበት ላይ ጠጠር አስቀምጣለሁ። ከዚያ ተረከዟን ከአውራ ጣቷ እያስከተለች ትሰፍራለች። ሰባት ከሞላ ሽሮው ይቀርባል፤ ስድስት ከሆነ እንጠብቃለን። አንዳንድ ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጠጠሩን አርቄዋለሁ።

ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነውና ልኩ ለሁሉም ይቀራረባል። የደብተራዎቹ ብራናም ጥላውን በየወሩና በየሰዓቱ በጫማ ደልድሎ አስቀምጧል። መጽሐፈ ሄኖክ ግን ቀንና ሌሊቱን 18 ቦታ ይከፍልና፣ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ወቅት 12ቱን፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛውን፣ ለብርሃን ይሰጣል። መተማ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሳሉግ የሚባለው የሰሊጥ አጫጅ የሄኖክን ረጅም ቀን ቢሰማ «ይሄማ የአሠሪዬ ሰዓት ነው» ይል ነበር።

ሰዓት ያሰረ ጎረቤት «ኧረ እማማ፣ ዘጠኝ ካለፈ ቆየ!» ሲላት፣ «የማንን ጥላ ለክተህ?» ትለው ነበር። ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰዓታችን የተሰፋው ኦጋዴንን በሚያቋርጠው 45ኛው ኬንትሮስ ልክ ኖሯል። መተማ ከዚያ በስተ ምዕራብ ርቃ ስላለች፣ የእጅ ሰዓቱ ከጥላው 35 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ሱዳን ደግሞ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች፤ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ ያለችው የሱዳኗ ገላባት ሰዓት ከጥላው 25 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ድልድዩን የተሻገረ አንድ ሰዓት ያተርፋል፣ ሲመለስ ይከስራል፤ ፀሐይዋ ሁለቱንም ትታዘባለች። የኛ ሰዓት ከንጋት፣ የነሱ ከእኩለ ሌሊት መቆጠሩን ከጨመርንበትማ፣ ድልድዩ ላይ ቀጠሮ የያዙ ነጋዴዎችን እግዜር ይርዳቸው።

ሚያዝያ 17 ገደማ ፀሐይዋ አናት ላይ ቀጥ ትልና ከተማው በሙሉ ለአፍታ ጥላ ቢስ ይሆናል። ጥላ ወጊም ቢመጣ የሚወጋው አያገኝም። ነሐሴ 12 ገደማ እንደገና ትመለሳለች፤ ግን ያኔ ፍልሰታ ነው፣ ሰማዩም ደመና፤ ማን አይቷት! ማየት ከፈለጉ የሚያዝያውን ይምረጡ። ስድስት ሰዓት ተኩል እንዳለፈ ደጅ ይቁሙና ወደ እግርዎ ይመልከቱ። ጃንጥላ አይያዙ።