ያልተጻፈ ጋብቻ

ጋብቻ ሁለት ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ሁለት ወገኖችን ያዛምዳል እየተባልን አድገናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዝምድናው የአገር ወሰን የተሻገረ እንደ ሆነ ከሽማግሌና ከምስክር ሌላ መዝገብና ማኅተም እንደሚያስፈልገው የተማርሁት ዘግይቼ፥ ያውም በራሴ ጥፋት ነው።

አሶሳ የጠረፍ አገር ናት። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን በተዋዋሉ ጊዜ መስመሩ የበርታን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎ አለፈ። ዛሬም ኩርሙክ የሚባል ከተማ ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ይገኛል፤ ወዲህ የተዳረች ልጅ እናቷ ወዲያ ናት።

እኔም ራሴ አገሩን ለቆ የመጣ ሰው ልጅ ነኝ። አባቴ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ ወደዚህ የመጡ ገበሬ ሲሆኑ፥ እኔ የተወለድሁትና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የፈጸምሁት በዚሁ ነው። ባለቤቴ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሣ፥ ከእናቷና ከታናናሾቿ ጋር በኩርሙክ በኩል ገብታ በሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ ያደገች ናት።

ስንተጫጭ ቤተ ሰቡ በሦስተኛ አገር ለመስፈር ተመዝግቦ ነበር። ከባሕር ማዶ ፈቃዱ በመጣ ጊዜ እርስዋ ከእኔ ጋር ለመቅረት ስትል ስሟን ከእናቷ መዝገብ አስወጣች። አማቴም ሲሰናበቱን እጄን ይዘው፥ «ልጄን አደራ፤ አንድ ቀን አምጣና አሳየኝ» አሉኝ። እኔም እሺ አልሁ።

ኒካሕ ያሰርነው በሼሁና በሽማግሌዎች ፊት ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችም ጋብቻና ልደት እንዲያስመዘግቡ ስለ ተፈቀደ፥ እንዳናስመዘግብ የሚከለክለን አልነበረም። ነገር ግን ያንን ጥቂት ሥራ አራት ዓመት አሳደርሁት። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ የሰውን ወረቀት ስጽፍ እየዋልሁ የራሴን ተውሁ። ባለጉዳዩን ሁሉ «ነገ ተመለስ» እያልሁ የምሸኝ ሰው፥ ለራሴም ያንኑ እል ነበር።

ባለፈው ዓመት አማቴ ታመሙ። በ1951 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት በ28ኛው አንቀጽ፥ ስደተኛን የተቀበለ መንግሥት የጉዞ ሰነድ እንዲሰጠው ያዛል፤ ባለቤቴም ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሰነዱን አገኘች። ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘን አዲስ አበባ ላይ ለጉብኝት ቪዛ አመለከትን። መልሱ ግን እንቢታ ሆነ፤ ምክንያቱም ወደ ኢትዮጵያ ለመመለሷ በቂ ማስረጃ አልቀረበም የሚል ነበር። እኔ ባልዋ ነኝ ብዬ ብጽፍም፥ ባልነቴን የሚመሰክር ማኅተም አልነበረኝም።

ሕጉን አገላብጬ ያነበብሁት ያን ጊዜ ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ያገባትን የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ኢትዮጵያዊት ያደርጋት ነበር፤ ኢትዮጵያዊት ላገባችው የውጭ አገር ወንድ ግን ይህንን አልሰጠም። የ1996 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 378 ወንዱንና ሴቲቱን አስተካክሎ፥ ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላውና አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ፥ ዜግነት መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል፤ ሆኖም የቀድሞውን ዜግነት መተውን ይሻል።

ይህንን ለባለቤቴ ባነብላት፥ «አባቴ የተቀበረበትን አገር በፊርማ ልተው ወይ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አላስቸኰልኋትምም። ጋብቻችንን ግን በዚያው ሳምንት አስመዘገብን፤ ማስረጃውንም አያይዘን ሁለተኛ አመለከትን። እነሆ መልሱን እንጠብቃለን። አማቴም በደከመ ድምፅ በስልክ፥ «ወረቀቱ ደረሰ ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

እናንተ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በመስኮታችን የሚገባው ወረቀት ለእኛ ከብዙዎቹ አንዱ ነው፤ ላመጣው ሰው ግን እናቱን የሚያይበት ወይም የሚያጣበት ሊሆን ይችላል። እኔ ዛሬ «ነገ ተመለስ» ሊለኝ አፌ ሲከፈት፥ ሰውየውን አስቀድሜ ከየት እንደ መጣ እጠይቀዋለሁ። ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ የመጣ እንደ ሆነ፥ ምሳዬን አዘግይቼም ቢሆን፥ ጉዳዩን በዕለቱ ፈጽሜ እሸኘዋለሁ።